የወይፈኑ ወረቀት

እንጀራዬ ወረቀት ነው። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። ሰው ሲቀጠር ፋይል እከፍታለሁ፣ ሲሰናበት እዘጋለሁ፣ በመሀል የዓመት ፈቃድ እቆጥራለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጠረጴዛዬ ላይ ከመገለጡ ብዛት ጠርዙ አልቋል። ሥራ አስኪያጃችን «ውሉ ቢዘገይ ምን አለበት?» ሲሉኝ አፌን ሞልቼ እመልሳለሁ። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። አልሰጠም ተብሎ ደግሞ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነው፤ በ1996ቱ አዋጅ 45 ተከታታይ ቀን ነበር። ይህችን ልዩነት የረሳ አሠሪ ፍርድ ቤት ሲመላለስ አይቻለሁ።

እናላችሁ፣ እንዲህ ያልኩት ሰውዬ በ2014 ዓ.ም. ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ዲማ ሄድኩ። ዲማ የእናቴ አገር ነው። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ እሑድ ቀን ነበር የዋለው። የአባይን በረሃ ወጥተን፣ ደጀንን አልፈን፣ በቢቸና በኩል ደረስን። ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ አገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁን ያነበበ ሰው ደግሞ ባያየውም ያውቀዋል፤ በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር የገባው እዚያ ነው። (የቅጥር ደብዳቤ ይዞ እንዳልገባ እገምታለሁ። በሙያዬ ዓይን ሳየው ያ ቅጥር ብዙ ጣጣ ነበረበት።)

ከቅዳሴ በኋላ አያ ቤት ጠላ ልንጠጣ ገባን። አያ የምላቸው የእናቴ የሩቅ ዘመድ ናቸው። በ2010 ዓ.ም. የ18 ዓመት ልጃቸውን አዲስ አበባ ድረስ ይዘው መጥተው «አደራ» ብለው እኔ ቤት ትተዋት ሄደዋል። ያኔ «አያ፣ አያስቡ። ደሞዟ እኔ ዘንድ ይጠራቀምላታል፣ ከተማ ገንዘብ ያስበላል» ያልኩት እኔ ነኝ። ስለው ደግነት መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ዋንጫ ላይ ከሳጥናቸው አንድ ፌስታል አወጡ። የመሬት ደብተራቸው አለበት፣ ሌላም ሌላም የተጣጠፈ ወረቀት። አንዱን መዘው ሰጡኝ።

«ዓይኔ ደክሟል፣ አንብብልኝ» አሉ። እኔ ከማነበው በላይ እሳቸው እንደሚያነቡ አውቃለሁ። አነበብኩ። የወይፈን ሽያጭ ውል ነው። የወይፈኑ መልክ፣ ዋጋው፣ ሽያጩ የተፈጸመበት ቀን፣ የገዥና የሻጭ ስም፣ ሦስት ምስክሮች፣ የጸሐፊው ስም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከእኛ መሥሪያ ቤት ውሎች የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አልነበረም።

«እረኛ ስቀጥርም እንዲሁ አጽፋለሁ» አሉ። «እህሉን፣ ጋቢውን፣ ኮንጎ ጫማውን ሳይቀር። የልጄ ወረቀትስ የታል?»

«አያ፣ እኛ እኮ ዘመድ ነን።»

«ወይፈኑን የገዛኝም አበልጄ ነው።»

ዝም አልኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። «የጎረቤቴ ልጅ ሪያድ ስትሄድ ማህተም ያለበት ውል ይዛ ነው የሄደች። አዲስ አበባ ከሪያድ ይርቃል እንዴ?»

ምን ልበላቸው? ለውጭ አገር ሥራ የወጣው አዋጅ 923/2008 የጽሑፍ ውል ያዛል። ያ ውል ሪያድ ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደሚጠብቃት ሌላ ወሬ ነው፤ ግን አለ። እኔ ቤት ለምትሠራው ግን የምኩራራበት 1156/2011 ራሱ በሩን ዘግቶባታል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ከአዋጁ ውጪ ነው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስነዋል ይላል። የ1996ቱም አዋጅ ይህንኑ ብሎ ነበር። እሳቸው በጠየቁኝ ቀን ደንቡ ገና አልወጣም። የቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እሱ አሠሪው ቤት የሚኖር ሠራተኛ መኝታው፣ ምግቡ፣ የሥራና የእረፍት ሰዓቱ ጤናውን እንዳይጎዳ አሠሪው ተገቢውን ያድርግ ይላል። ልጅቷ የምትተኛው ከማድቤት ጎን ባለች ክፍል፣ ከጤፍ ጆንያ ጋር ነው።

ይህን ሁሉ ለአያ አልነገርኳቸውም። «ስመለስ አደርገዋለሁ» ብቻ አልኩ።

«ደሞዟስ፣ ስንት ደረሰ?»

አላውቀውም ነበር። ቢሮዬ የ140 ሰው ደሞዝ እስከ ሳንቲሙ አውቃለሁ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ማታ ሦስታችን ተቀመጥን። ባለቤቴ ደብተሯን አመጣች። ልጅቷ ደብተር የላትም፤ የምትቆጥረው በበዓል ነው። «ለመስቀል ለወንድሜ ጫማ ብዬ ወሰድኩ፣ ለጥምቀት ምንም አልወሰድኩም፣ ለእናቴ ሕክምና ለሁዳዴ መያዣ...» እያለች አንድ በአንድ ወረደችው። የእሷ ሒሳብ ከደብተሩ በ4,400 ብር በለጠ። ባለቤቴ ቅር አላት፣ እኔም ትንሽ ቅር አለኝ፤ አልዋሽም። ደግመን ስናየው ስህተቱ የእኛ ሆኖ ተገኘ። በ2012 ዓ.ም. ሁለተኛዋ ልጃችን ስትወለድ ደሞዟን ከ800 ወደ 1,200 ብር አድርገናል፤ ደብተሩ ግን 11 ወር ሙሉ 800 እያለ ቀጥሏል።

ያን ጊዜ ባለቤቴ በአዋጁ መሠረት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ እረፍት ወጥታ ነበር። ለመሥሪያ ቤቷ የሚገባውን ማመልከቻ የጻፍኩላት እኔ ነኝ። በዚያ 120 ቀን ውስጥ ልጅቷ ስንት እሑድ ዐረፈች? ጠየቅኳት። ሳቀች። ሣቋ መልሱ ነው።

ቢሮ ውስጥ በሥነ ሥርዓት የምጽፈው ሕግ አክባሪ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ስለሚመጣ ነው። ቤቴ ተቆጣጣሪ አይመጣም። እኔው ነኝ ዲማ ድረስ የሄድኩለት።

በማግስቱ ባንክ ሄደን በስሟ ደብተር ከፈትን፤ የተጠራቀመው ከ4,400ው ጋር ገባ። ጆንያውም ከክፍሏ ወጣ። ማታ ውሉን ጻፍኩ። ስም፣ አድራሻ፣ የሥራው ዓይነት፣ ደሞዝ፣ የመክፈያ ቀን። የዕረፍት ቀን የሚለው ላይ ስደርስ «እሑድ» አለች፣ ሳልጠይቃት። የዓመት ፈቃዱን አዋጁ ለሌላው ሠራተኛ እንደሚለው 16 የሥራ ቀን አልኩት።

«በአንዴ መውሰድ ይቻላል?» አለችኝ።

«ይቻላል።»

«እንግዲያው ለጤፍ አጨዳ።»

ፈረምን። አንዱን ቅጂ እሷ ያዘች፣ ሌላውን ወደ ዲማ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ አያ ደወሉ።

«ወረቀቱ ደረሰኝ። ጽሕፈትህ ያምራል። ምስክሮቹስ የታሉ?»

ልስቅ ቃጣኝና ተውኩት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በጽሑፍ መሆን ላለበት ውል ምስክር ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ምስክር የሚባል ነገር ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

«እውነትዎን ነው አያ፣ ሁለት ምስክር አስገባለሁ» አልኳቸው።

«ለወይፈኑ ሦስት ነበር» አሉኝ።