ውሃ ከሚተኛበት ማሳ ጀምሩ

«ቲቸር፣ እያሰብኩበት ነው።»

ከቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች የዚህን ያህል የበዛ የለም። አንዱ ዶሮ እርባታ ሊጀምር እያሰበ ነው። አንዷ የሱቋን ግማሽ ልብስ ስፌት ልታደርገው እያሰበች ነው። ሌላው ሩዝ አስፈትጎ ባሕር ዳር ሊልክ አስቦ ሦስት ክረምት አለፈው። ሰነፎች ናቸው እንዳትሉ። ሁሉም በጠዋት ተነስተው ሱቅ የሚከፍቱ፣ ማታ ሒሳብ ሳይዘጉ የማይተኙ ልጆች ናቸው። ሥራ አይፈሩም። የሚፈሩት አዲሱን ነገር ነው።

«ድፈሩ፣ ዝለሉ፣ ሕልማችሁን ተከተሉ» የሚል ጽሑፍ በየገጹ ሞልቷል፤ እኔ አልጨምርበትም። ልጆች ያሉት፣ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው «ዝለል» ሲሉት አይዘልም፤ ልክም ነው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ እዚሁ እግራችን ሥር ስላለው ነገር ነው። ስለ ሩዝ።

ፎገራን የማታውቁ ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወረታን ታገኛላችሁ። በደቡቧ ጉማራ፣ በሰሜኗ ርብ ወደ ጣና ይወርዳሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሁለቱም ይሞላሉ፣ ሜዳውም ውሃ ይለብሳል። መሬቱ ጥቁርና ለም ነው፤ ነገር ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት ማሳ ብዙ ነው። የተዘራበት እህል ይበሰብሳል። ስለዚህ ገበሬው ውሃው እስኪሸሽ ጠብቆ፣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል። ክረምቱን ሙሉ ግን ያ መሬት ለባለቤቱ ምንም አይሰጠውም ነበር።

ሩዝ እንደ ሰብል የተለመደው በደርግ ዘመን ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በነበሩበት ጊዜ፣ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ ተሞከረ። እስከ ዛሬ ብዙ ገበሬ የሚያውቀው «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ከጅግና ነው። ከዚያ በ1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፣ የአምራቾች ማኅበራትም ፈረሱ። ሩዙም አብሮ ሊጠፋ ይችል ነበር። አዛዥ የለም፣ ኮታ የለም፣ «ዝሩ» የሚል ካድሬ የለም። ግን አልጠፋም። ጥቂት ገበሬዎች በራሳቸው ፈቃድ ቀጠሉበት፣ ጎረቤት አየ፣ የጎረቤት ጎረቤት አየ። ዛሬ ሜዳው በመስከረም ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሰዉ «ነጭ ወርቅ» እያለ ይጠራዋል። የሀገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ፎገራ ላይ ነው።

እስቲ አንድ ነገር አስተውሉ። ሩዝ ቦታ ያገኘው የት ነው? ጥሩ ጤፍ የሚያበቅለው ማሳ ላይ አይደለም፤ መጀመሪያ ውሃ የሚተኛበት ማሳ ላይ ነው። ሩዝ ውሃ ይወዳል፣ ማሳው ደግሞ ክረምቱን እንዲሁ ባዶውን ነበር። ባይበቅል ገበሬው የሚያጣው ዘሩንና ድካሙን ነው። የቤቱ ጤፍ ሌላ ቦታ ላይ አለች።

ሲደርስስ? በወጥ ቀቅሎ የሚበላው ጥቂት ነበር። እናቶቻችን ከጤፍ ጋር አስፈጭተው እንጀራ አደረጉት። ከዚያ ጠላም ገባ፣ አረቄም ገባ። በሙቀጫ ሲወቀጥ የነበረው ኋላ ማሽን መጣለት፣ ከማሽኑ ጋር ነጋዴው፣ ጫኝ አውራጁ፣ ቅርፊቱን ለማገዶ የሚገዛው ሁሉ መጣ። ወረታ ላይ ዛሬ የምታዩት የሩዝ ንግድ መነሻው ይኸው ነው። ማንም ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገር መጀመሪያ አስቦ አልጨረሰውም።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት ትምህርት አንድ ነው። አዲስ ነገር ስትሞክሩ ከምትኖሩበት ገንዘብ አትንኩ። በንግዳችሁ ውስጥ ውሃ የተኛበትን ማሳ ፈልጉ። ያለ ሥራ የቆመ ሰዓት፣ ባዶ መደርደሪያ፣ የማይሸጥ ዕቃ፣ የተሰበረ ፍሬ፣ ገበያ የማይመጣበት ቀን። እሱ ላይ ዝሩ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ስሟን አልጠራም፣ ራሷ ፈቅዳልኛለች።

አንዲት ተማሪዬ ወረታ ላይ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ሁለት ምጣድ አላት፣ ለሦስት ምግብ ቤቶችም ታቀርብ ነበር። ጤፍ እሳት ሲሆን ምግብ ቤቶቹ «ዋጋ አንጨምርም» አሏት። ጤፍና ሩዝ ቀላቅላ በርካሽ የሚሸጥ እንጀራ ለመሥራት አሰበች። አሰበች፣ አሰበች፣ ዓመት ሞላ። አንድ ቀን ቤቷ ሄጄ ምንድነው የያዘሽ አልኳት።

«ቲቸር፣ ሰው ምን ይለኛል? ሩዝ እየደባለቀች ጤፍ ብላ ታበላናለች ቢሉኝስ? ያለኝ እኮ ስሜ ብቻ ነው።»

አያችሁ፣ የያዛት የገንዘብ ፍርሃት አይደለም። ይሉኝታ ነው። በነገራችን ላይ እዚህ አገር ሩዝ ቀላቅሎ ቤቱ የማይበላ ስንት ሰው አለ? ግን በቤት ሲሆን ብልሃት ነው፣ በሽያጭ ሲሆን ሐሜት ነው። ፍርሃቷ መሠረት የለውም ልላት አልቻልኩም። እንጀራ ሻጭ አንዴ ስሟ ከጠፋ በቃ ጠፋ ነው።

«ከሰዓት በኋላ ምጣድሽ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ምንም። ባዶውን ነው።»

«እንግዲያው ውሃ የተኛበት ማሳሽ እሱ ነው።»

የጤፉን እንጀራ ምንም ሳትነካው፣ በሌላ ቡሃቃ ጤፍና ሩዝ እኩል አድርጋ አቦካች። ከሰዓት 20 እንጀራ ጋገረች። ለብቻው መሶብ ላይ አደረገችው፣ በካርቶን ላይ በትልቁ «ጤፍና ሩዝ» ብላ ጻፈች፣ ዋጋውንም ዝቅ አደረገች። ይሉኝታን እንዲህ ነው የምትረቱት፤ ሰው በጀርባችሁ ሊለው የሚችለውን ነገር ራሳችሁ ቀድማችሁ በአደባባይ ጻፉት። የተጻፈ ነገር ሐሜት አይሆንም።

የመጀመሪያው ቀን 11 ተሸጠ። የቀረው 9 በማግስቱ ደርቆና ተሰነጣጥቆ ጠበቃት። ድርቆሽ አደረገችው። አንዲት የቆየች ደንበኛዋም መጥታ ካርቶኑን አንብባ «ድሮም ትቀላቅይ ነበር ማለት ነዋ?» አለቻት። ያ የፈራችው ቃል መጣ ማለት ነው። ተማሪዬ ምን አደረገች? እጇን ይዛ ጓዳ አስገባቻት፣ ሁለቱን ቡሃቃ አሳየቻት። ሴትየዋ ለጥቂት ሳምንታት ቀረች፣ ከዚያ ተመለሰች። የምትገዛው ጤፉን ነው፤ ይሁን።

ከዚያች ከሰዓት ግን ልጅቷ ሦስት ነገር አወቀች። አንደኛ፣ የሩዝ እንጀራ አያድርም፤ የተጋገረ ቀን ነው መበላት ያለበት። ስለዚህ ጠዋት ጋግራ ለምሳ ማድረስ አለባት። ሁለተኛ፣ የሚገዛት ምግብ ቤት አይደለም፤ የቀን ሠራተኛና ብዙ ልጅ ያለው ቤተሰብ ነው። ሦስተኛ፣ የፈራችው ቃል ሲነገር ሰው አይሞትም፣ መልስ አለው።

እነዚህን ሦስቱን ነገሮች በአንድ ዓመት ሐሳብ ልታውቃቸው ትችል ነበር? አትችልም! ዓመቱን ሙሉ ያሰበችው ስለ ዋጋና ስለ ሰው አፍ ነው። እንጀራው በማግስቱ መድረቁ በሐሳቧም አልመጣም። ብዙዎቻችን «እያሰብኩበት ነው» የምንለው የሌለንን መረጃ ደጋግመን እያኘክን ነው። መረጃው ያለው ምጣዱ ላይ ነው፣ ገበያው ላይ ነው። 20 እንጀራ ጋግሮ መሸጥ ገቢ ሳይሆን ጥያቄ ነው። መልሱን የሚሰጠው ደንበኛ ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ፍርሃት ሁሉ ጠላት አይደለም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት አባቶች ሞኞች አልነበሩም። መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት፣ መብራት በሚጠፋበት በዚህ ጊዜ ቤት አስይዞ ለመበደር ያመነታ ሰው ፈሪ አይባልም። ማሽኑ ቢቆም ብድሩ አይቆምም። ማመንታት ትክክል የሚሆነው የምታጡት ነገር የማይመለስ ሲሆን ነው። የምታጡት 20 እንጀራ ሲሆን ግን አንድ ዓመት ማመንታት ከኪሳራው ይበልጣል።

የእኔንና የባለቤቴንም ልንገራችሁ። የእኛ ሩዝ ሱቅ ውስጥ ከውጭ ከሚገባው ጎን ሲቀመጥ ለምን ይረክሳል? ጣዕሙ አይደለም። መሬት ላይ ስለሚወቃ ጠጠር ይገባበታል፤ ፀሐይ ላይ ከመጠን በላይ ከደረቀ ደግሞ ማሽን ውስጥ ይሰባበራል። ደንበኛው የሚከፍለው ጥርሱን ለማያስፈራው ሩዝ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል። ሰው ሁሉ የሚለው ግን «ዘመናዊ ማሽን ቢኖር» ነው።

እኛ ማሽን አልገዛንም። አንድ ኩንታል ከነቅርፊቱ ገዝተን በሰው ማሽን አስፈተግን። ጥሩ ማሽን ከአንድ ኩንታል ከ60 እስከ 70 ኪሎ ነጭ ሩዝ ያወጣል፤ የእኛ ከዚያ አነሰ። ሦስት ዓይነት ወንፊት ገዛን፤ ሙሉውን፣ ስባሪውን፣ ድቃቁን ለየን። ሁለት ሴቶች ጠጠሩን በእጅ ለቀሙ። በ5 ኪሎ አሸግነው። ባለቤቴ ያኔ ያለችኝን አልረሳም፤ «ባይሸጥ እንበላዋለን።» የንግድ ዕቅዳችን እሱ ነበር። ሙሉው ቶሎ አለቀ፤ ስባሪው ለገንፎ ፈላጊ አገኘ፤ ድቃቁ ለዶሮ ሄደ። ለሁለተኛው ኩንታል ስንሄድ የምንገዛው ሩዝ እንዴት እንደደረቀ መጠየቅ ጀምረን ነበር። እስከ ዛሬም የራሳችን ማሽን የለንም። አንድ ቀን እንገዛ ይሆናል፤ ለመለቀሚያ የሚከፈለው ብር ከማሽኑ ወጪ ሲበልጥ። ያንን የሚነግረን ደብተራችን ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ዛሬ ማታ ሒሳብ ስትዘጉ ደብተራችሁ መጨረሻ ገጽ ላይ ሦስት መስመር ብቻ ጻፉ።

1. ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ምንድነው? («ሀብታም እሆናለሁ ወይ» አይደለም። «የሰፈሬ ሰው ይህን በዚህ ዋጋ ይገዛኛል ወይ» ነው።)

2. ለማወቅ ብሞክርና ብከስር የማጣው ስንት ብር ነው? ቁጥሩን ጻፉት። ያልተጻፈ ኪሳራ ሌሊት ላይ ያድጋል። ቁጥሩ እንቅልፍ ከነሳችሁ አሳንሱት፤ 100 የነበረውን 20 አድርጉት።

3. የትኛው ቀን? «በቅርቡ» የሚባል ቀን የለም። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ ቀጠሮም እንደዚያው ነው።

ከሰው ጋር የምትሠሩ ከሆነ ሦስቱን መስመር ለሚስታችሁ፣ ለባላችሁ፣ ለእናታችሁ አንብቡላቸው። ብዙ ጊዜ የሚያስቆመን የቤት ሰው ነው እንላለን፤ የቤት ሰው የሚፈራው ግን ቁጥር የሌለውን ነገር ነው።

እንጀራ ጋጋሪዋ ዛሬ ሦስት ምጣድ አላት፣ አንዲት ልጅም ቀጥራለች። ሀብታም አልሆነችም፣ እንዲያውም መብራት በሚጠፋበት ሳምንት በማገዶ እየጋገረች ዓይኗ በጭስ ይቀላል። መንገድ ተዘግቶ ጤፍ ሲጠፋ ግን «ጤፍና ሩዝ» የሚለው ካርቶን ቤቷን አቆመላት። በጤፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ወር ትዘጋ ነበር። በደህናው ቀን የሞከረችው ነገር በክፉው ቀን ደረሰላት።

ገበሬው ሰኔ ላይ ካልዘራ ኅዳር ላይ አያጭድም። የእኛ ሥራ ግን ይሻላል፤ ዓመት መጠበቅ የለብንም፣ ነገም ሰኔ ነው። ውሃ የተኛበት ማሳችሁ የትኛው ነው? አግኝታችሁ አንድ ነገር የዘራችሁበት ቀን ጻፉልኝ። ቢበቅልም ባይበቅልም ማንበብ እፈልጋለሁ።