የመቐለው ውሃ

«ሰባት ደቂቃ አለን፤ አሥራ ሁለት ሰው አለን፤ መድፍ ግን የለንም» አለኝ ፊልም ሠሪው ወዳጄ። አንድ ሙዚየም ስለ ዓድዋ ዘመቻ ለሚያዘጋጀው ዐውደ ርእይ አጭር ፊልም እንዲሠራ ታዝዞ፣ ትረካውን እንድጽፍለት ሊለምነኝ መምጣቱ ነበር። እኔ ቀን ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ማታ ደግሞ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝ። ለፊልም ጽፌ አላውቅም። ሆኖም ቅድመ አያቴ ዓድዋ መዝመቱን እየሰማሁ ያደግሁ ነኝና፣ እምቢ ለማለት አንደበቴ አልታዘዘልኝም።

የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ን ውሎ በአሥራ ሁለት ሰው ማሳየት ከቶ አይቻልም። ስለዚህ ከታሪኩ አደባባይ ይልቅ ጥቂት ሰው የሚበቃውን ጓዳውን ፈለግን። አገኘነውም፤ የመቐለ ከበባ።

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የሻለቃ ቶዜሊ ጦር አምባላጌ ላይ ከተደመሰሰ በኋላ፣ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚታዘዘው ሌላው የጣሊያን ጦር መቐለ እንዳ ኢየሱስ ላይ በተሠራው ምሽግ ውስጥ ተከበበ። የኢትዮጵያ ሠራዊት ምሽጉን ደጋግሞ ቢያጠቃም ከግንቡ ጀርባ የሚተኮሰው ጥይት ብዙ ሰው ፈጀበት። ምሽጉ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ውሃው ከቅጥሩ ውጪ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፤ የራሳቸውንም ሰዎች ላኩ። ምንጩ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ምሽጉን የተዋጋው ጥማት ነው። ጥር ላይ ጋሊያኖ ምሽጉን ለመልቀቅ ተስማማ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ከበባው ውስጥ የነበሩት ሁሉ መሣሪያቸውን እንደያዙ በሰላም እንዲወጡ ፈቀዱ።

ይህን ባነበብሁ ማግስት ሌሊት ትረካውን ጻፍሁ። በተለይ በሁለት ስንኞች ኮርቼ ነበር፦

መድፍ ያልናደውን የድንጋይ ግንብ ቅጥር፥
ናደው የምንጭ ውሃ፥ በጠብታ ሲቆጠር።

ነገር ግን የማንበብ ነገር ሱስ ነውና እዚያ ላይ አላቆምሁም። ስገፋበት፣ በአእምሮዬ ስዬው የነበረው ምሽግ ተናደ። በዚያ ግንብ ውስጥ በጥማት ከንፈራቸው የደረቀው ሰዎች አብዛኞቹ ጣሊያኖች አልነበሩም፤ አስካሪዎች ነበሩ። በጣሊያን ባንዲራ ሥር ይሰለፉ እንጂ፣ ብዙዎቹ ከመረብ ማዶ የመጡ፣ ከከበቧቸው ወታደሮች ከብዙዎቹ ጋር ያለ አስተርጓሚ የሚነጋገሩ የዚሁ ምድር ልጆች። በሥራዬ፣ ገቢና ወጪው ሳይታረቅ መዝገብ አይዘጋም። የእኔ ትረካ ግን አንዱን ዓምድ ባዶ ትቶ ተዘግቶ ነበር።

ለወዳጄ ነገርኩት። ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «እንግዲያው አንድ አስካሪ ይኑረን» አለ።

ቀረጻው ሁለት እሑድ ፈጀ። ቦታው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለ የድንጋይ ካባ ነበር። አሥራ ሁለቱ ሰዎች ጠዋት ከበባውን ያደርጋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ልብስ ቀይረው የተከበቡት ይሆናሉ። ካሜራው ከወገብ በላይ ብቻ ያነሳል፤ ከወገብ በታች ሁሉም የጎማ ጫማ አድርጓልና። ጭሱ ከእርጥብ ሣር ይነሳል። የምንጩን ውሃ በጀሪካን አምጥተን ድንጋይ ሥር አፈሰስነው። እኔም አንድ ጊዜ ነጠላ አጣፍቼ፣ ጎራዴ መሰል እንጨት ይዤ በካሜራው ፊት አልፌአለሁ።

አስካሪውን እንዲጫወት የተመረጠው መቐለ ተወልዶ ያደገ፣ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደር ወጣት ነው። ትእዛዙ ቀላል ነበር፤ በጨለማ ከምሽጉ ወጥቶ እየተሳበ ወደ ምንጩ ይጠጋል፤ ዘቡ ጠመንጃ ሲደግንበት «ውሃ!» ይላል። ሦስት ጊዜ ተለማመድነው፤ ሦስቴም «ውሃ!» አለ። ካሜራው ሲዞር ግን፣ ደረቱን መሬት ላይ እንዳስደገፈ አንገቱን ቀና አድርጎ በሹክሹክታ «ማይ» አለ።

ማንም አልተነፈሰም። ዘቡን የሚጫወተው ጎልማሳ በጽሑፉ መሠረት ጠመንጃውን እንደደገነ መቆየት ነበረበት፤ አፈሙዙ ግን ቀስ እያለ ወደ መሬት ወረደ። ወዳጄ «ቁረጥ!» ማለቱን ረስቶ ቆየ። በኋላ ወጣቱን ለምን ቃሉን እንደቀየረው ስጠይቀው «የጠማው ሰው በእናቱ ቋንቋ ነው የሚለምነው» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አልተነጋገርንም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት እሱ አዲስ አበባ፣ ቤተሰቡ መቐለ እንደነበሩ አውቅ ነበር። ሻይ ቀዳሁለት።

ፊልሙን ለዐውደ ርእዩ አዘጋጆች አሳየን። ትህትና ያላቸው፣ ሥራቸውንም የሚወዱ ሰዎች ናቸው። የእቴጌይቱን ብልኅነት ወደዱት። የአስካሪውን ትርኢት ግን አውጡት አሉ። «ጎብኚው ለማን እንደሚያዝን ግራ ይገባዋል፤ ደግሞም ሰባት ደቂቃው አልፏል» አሉን። ለእውነቱ፣ የመጀመሪያው ምክንያት በእኔም ውስጥ ነበር። ቅድመ አያቴ የዘመተበት ድል ነው። በዚያ ድል ላይ ሌላ ሰው ጥላ ሲጥል እንኳንስ ልረዳው ልመለከተውም አልወድም። እኔ ራሴ ጥላ ልጣልበት? ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከነጋ በኋላ ግን አንድ ነገር ተገለጸልኝ። ጠላቱን አስጠምቶ ካሸነፈ በኋላ በሰላም ሂድ ያለ ሠራዊት፣ የተጠማውን ሰው ፊት ብናሳይ ምን ይጎድልበታል? ፊቱን ካላሳየን ምሕረቱስ ለማን ነበር?

አዘጋጆቹን ዳግመኛ ስናነጋግር ክርክሩ ወደ ሁለተኛው ምክንያት ጠበበ፤ ወደ ጊዜው። ትርፉ ሃምሳ ሰከንድ ነበር። ወዳጄ አየኝ፤ ገባኝ። ትረካዬን አውጥቼ የማስቀረውን መሰረዝ ጀመርሁ። የኮራሁባቸው ሁለት ስንኞች ከሁሉ በፊት ወደቁ። በአስካሪው ትርኢት ላይ አንድም የእኔ ቃል አልቀረም፤ «ማይ» ብቻ ቀረ።

ዐውደ ርእዩ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ከሥራ መልስ ሄድሁ። ፊልሙ በአንድ ጥግ ግድግዳ ላይ ያለማቋረጥ ይዞራል። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ዘወር ብለው፣ ከኋላቸው የቆምሁትን እኔን አስጎብኚ መስያቸው፣

«ልጄ፣ ያ ልጅ ውሃውን ጠጣ?» አሉኝ።

«ንጉሡ ሁሉንም ለቀቋቸው፣ እማማ። ሳይጠጣ አይቀርም» አልሁ።

«ተመስገን። ከዚያስ? አገሩ ገባ?»

ከዚያ ያለውን አንብቤዋለሁ። ጋሊያኖ አርባ ቀን ገደማ ቆይቶ የአስካሪ ሻለቃ ጦሩን ይዞ ዓድዋ ላይ ተሰለፈ፤ እዚያው ሞተ። በዚያ ቀን ከተማረኩት አስካሪዎች ብዙዎቹ፣ ወገናቸውን ከድተዋል ተብሎ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። መቐለ ላይ ውሃ የተቀበለ እጅ ከእነዚያ መካከል አልነበረም ብሎ የሚምል ማነው?

አዛውንቷ ዓይን ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ። ሰባት ደቂቃችን ያልደረሰበትን ነገር በሁለት ቃል ልነግራቸው ሞከርሁ፤ አልወጣልኝም። ፊልሙ እንደገና ጀመረ። እሳቸውም መልሴን ትተው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ የልጅ ልጃቸውን ወደ ጎናቸው ሳብ አድርገው «ቆይ፣ ያን ልጅ አንድ ጊዜ ልየው» አሏት።

እኔም ከጎናቸው ተቀመጥሁ።