ርስት ሲሄድ ይዞታ ሲመጣ

በእነዋሪ ዙሪያ ጥቁሩን አፈር አጠንፍፎ ስንዴ የሚዘራ የሞረትና ጅሩ ገበሬ ማሳውን «ርስቴ» ቢል ማንም አይደነቅም። በእጁ ያለው አረንጓዴ የመሬት ማረጋገጫ ደብተር ግን «ይዞታ» ይለዋል።

ርስት ከግእዙ «ወረሰ» የተወለደ ነው። በመንዝና በሰሜኑ አገር በአባትም በእናትም ዘር ቆጥሮ ከአቅኚው አባት የደረሰ ሁሉ ድርሻ ይጠይቅበት ነበር፤ ሙግቱም ለልጅ ልጅ ይተርፍ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ርስት ከሕግ ወጣ። ከአንደበት ግን አልወጣም።

የይዞታ ጉዞ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ባረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1140፣ ይዞታ አንድን ነገር በእጅ አድርጎ ማዘዝ ብቻ ነበር። ባለሀብትነት ሌላ ነው፤ የሰረቀ ሰውም ዕቃውን በእጁ ሊያደርግ ይችላላ!

ዛሬ ያ ቀጭን ቃል ወፍሯል። በአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረት ባለይዞታ መሬቱን ያከራያል፣ በስጦታ ይሰጣል፣ ያወርሳል። መሸጥ ግን አይችልም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ከልክሎታል። ማውረስ ከተቻለ ደግሞ የጥንቱ «ወረሰ» በአዲሱ ቃል ውስጥ ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው።

ከለውጡ ሁሉ የሚልቀው ሌላ ነው፦ በደብተሩ ላይ የባል ብቻ ሳይሆን የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አለ። ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ ሴቲቱ ለችሎት የምታቀርበው ማስረጃ ይህ ነው።