ከፊት ወንበር የሚቀመጡት

በደርግ ዘመን በጎጃም መራዊ ላይ የኪነት ቡድኖቻችን ድራማ ሲያሳዩ መብራቱ ማሾ፣ መጋረጃው አቡጀዲ ነበር። ሕዝቡ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ባላባት ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ ይሰድባል። አንዱ ጓደኛችን ባላባት በሆነ ሰሞን ጠላ ቤት የሚቀዳለት አጥቶ ነበር።

ሌላው የኪነት ቡድን ግን ጥግ ይዞ ያያል እንጂ አይስቅም። ማን ቃሉን እንደዘለለ፣ ማን ጀርባውን ለተመልካች እንደሰጠ፣ የአስታዋሹ ድምፅ የት ላይ እንደተሰማ ልቅም አድርጎ ይይዛል። ጨዋታው ሳያልቅ ትንፍሽ አይልም። ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ተዋናዩን በር ላይ ጠብቆ «አንተ፣ ከሞትክ በኋላ የሚያስልህ ምንድን ነው?» ይለዋል። ልጁ ይቆጣል፣ ያኮርፋል። በሚቀጥለው ግን ሳይስል ይሞታል።

እርግጥ ቅናትም ነበረበት። ደግሞም ድርሰቱን መንቀፍ የሚያስጠይቅ ስለነበር ምላሳችን የሚፈታው በሳሉ ላይ ብቻ ነበር። ቢሆንም ወጉ ያገር ነው። በጎጃም ቅኔ ቤት ቀን ቅኔ ሲቆጥር የዋለ ተማሪ ማታ ነገራ ላይ ያቀርበዋል፤ መምህሩ ፊት ለፊት ያርመዋል። «አፋጀሽኝ» የተባለውን ቴአትር የጻፈው የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤም ወደ ቴአትር የመጣው ከዚሁ ቤት ነው። ጨዋታው እስኪያልቅ ዝም ማለትስ? አዲስ አበባ ላይ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ«ዳዊትና ኦርዮን» ሲመረቅ ንጉሡ ባሉበት ማን ደፍሮ ያንሾካሹካል? የኛ አዳራሽ ንጉሥ አልነበረውም፤ ዝም የምንለው ለተዋናዩ ብለን ነበር።

ዛሬ ቴአትር ለማየት የምንሄደው ከመራዊ ባሕር ዳር ነው፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ በሚኒባስ ከሰዓት የማያልፍ መንገድ። አዳራሹ ሰፊ፣ መብራቱ የሚያምር ነው። የሙያው ሰዎች ግን አሁን ጥግ ሳይሆን ከፊት ነው የሚቀመጡት። ባለሙያ ስለሆኑ ቲኬት አይቆርጡም፤ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ሰላምታ እየተለዋወጡ ይገባሉ። መድረኩ ላይ እናት ልጇን ስትቀብር የነሱ ስልክ ፊታቸውን ያበራዋል። ከኋላ ያለው ወጣትም አይቶ ስልኩን ያወጣል፤ ታዲያ በምን አፍ ይገሠጻል?

መጋረጃው ሲዘጋ ከመድረክ ኋላ ይሄዳሉ። «ድንቅ ነው! ገደላችሁን!» ይላሉ፤ ከተዋንያኑ ጋር ፎቶ ይነሣሉ። ማኪያቶ ሲቀርብ ደግሞ «አሁን ይሄም ቴአትር ተብሎ?» ይጀመራል። ይህችን ሁለተኛዋን ንግግር ተዋናዩ ፈጽሞ አይሰማትም። የዛሬ ሰው ክፉ ሆኖ አይመስለኝም፤ ነገ በሌላው ሥራ መጋበዝ ስላለ ሁሉም ይጠነቀቃል። ጉዳቱ ግን በተመልካቹ ላይ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ ስሕተት ከፍሎ ያያል።

እናንተ የሙያው ሰዎች፣ እባካችሁ በጊዜ ግቡ፤ ስልካችሁን አጥፉ፤ እስኪያልቅም ዝም በሉ። ያያችሁትን ጉድለት ግን ማኪያቶ ሳይቀርብ በፊት ለልጁ ለራሱ ንገሩት።