የማታውቂው ስልክ በስምሽ ሲገኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ሞጣ



በስልክ ያነሳሽው ነገር አላስተኛኝም። በስልክ የተነገረ ደግሞ ይረሳል፤ ስለዚህ ጽፌ ለሚመጣ ሰው ሰጠሁት። ቴሌግራምሽ የተከፈተባቸውን ስልኮች የሚዘረዝረውን «ዲቫይስ» ብትነኪው፣ ከስልክሽ ሥር «ሳምሰንግ ኤስኤም-ኤ125ኤፍ፣ አዲስ አበባ» ተጽፎ አገኘሽ። አዲስ አበባ ያለ ማን ነው የሚያነብብኝ ብለሽ ፈርተሻል።

አትደንግጪ፤ ቸልም አትበይ። ያ ቁጥር ፋብሪካው ለስልኩ የሰጠው መለያ ነው፤ እኛ ኤ12 የምንለው ሳምሰንግ ነው። አዲስ አበባ መባሉም ብዙ አያስጨንቅሽ። ቦታው የሚገመተው በኢንተርኔቱ አድራሻ ነው፤ ቢቸና ገበያ መሀል ቁጭ ብሎ የከፈተ ሰውም አዲስ አበባ ሊባል ይችላል። እስቲ የራስሽን ስልክ እዪው፤ ሞጣ የሚል ይመስልሻል?

ይልቅ ከስልኩ ስም አጠገብ ያለውን ቀን ተመልከቺ። ከመሄድሽ በፊት ስልክሽ ሲሰበር የአክስትሽን ልጅ ስልክ ተውሰሽ ቴሌግራም ከፍተሽ አልነበር? እሱ የሚይዘው ሳምሰንግ ነው።

እኛ አገር ስልክ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። ጂሜይላችንን የሚከፍትልን የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም ራሱ ያወጣል፣ ብዙ ጊዜ ስልክ ቁጥራችንኑ ያደርገዋል። ማስረጃ ለመላክ ኢንተርኔት ቤት የከፈትሽውም ሳትወጪ ከመጣሽ እዚያው ተከፍቶ ይቀራል። ክፋት ላይኖርበት ይችላል፤ ቢሆንም የማያስፈልግሽን ሁሉ አስወጪ። የጂሜይልሽን የይለፍ ቃል ደግሞ ዛሬውኑ ለውጪ።

ብሉቱዝ ላይ የምታዪውን ስም ግን ከዚህ አትቀላቅዪው። በደጀን በቢቸና አድርጎ ሞጣ የሚገባው አውቶብስ ላይ ሆነሽ ብትከፍቺው የተሳፋሪው ማዳመጫ ስም ሊደረደር ይችላል። በአቅራቢያሽ ስላለ ይታያል እንጂ ካንቺ ስልክ ጋር አልተገናኘም።

የምፈራልሽ ሌላውን ነው። ከምታውቂው ሰው «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ይመጣል። ነክተሽ ስልክ ቁጥርሽን ስታስገቢ ኮድ ይደርስሻል። ያ ኮድ የድምፅ መስጫ አይደለም፤ የቴሌግራምሽ መግቢያ ነው። የላከልሽም ወዳጅሽ ላይሆን ይችላል፤ የእሱንም ቴሌግራም ሌቦች አስቀድመው ወስደውበት ይሆናል። ኮዱን ከሰጠሻቸው በራሳቸው ስልክ ይገቡና በስምሽ «ቸግሮኛል፣ ነገ እመልሳለሁ» እያሉ ለዘመዱ ሁሉ ይጽፋሉ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ደግሞ ብር ለመላክ ባንክ መሰለፍ የለም፤ ዘመድ ልጃችን ተቸገረች ብሎ ሳያጣራ ይልካል።

እንዲህ ከሆነብሽ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ወዲያው እንዲያስወጣ አይፈቅድም፤ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ያንቺ ናቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአንቺ ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ የሚያስወጣውን ቁልፍ ንኪ። ካሳደርሽው አንቺኑ ሊያስወጡሽ ይችላሉ። ከዚያ ከኮዱ ሌላ የሚጠየቅ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አውጪ፤ ይህን ማንም አይክፈትልሽ፣ ራስሽ ክፈቺው።

አንድ ነገር ደግሞ አባት ሆኜ ልናገር። የሚገባብሽ ሁልጊዜ ሌባ አይደለም። የወደደሽ ሰው ስልክሽን ለደቂቃ ተቀብሎ ዋትሳፕሽን ከኮምፒዩተሩ ጋር ቢያገናኝና መልእክትሽን ቢያነብ፣ «ስለማስብልሽ ነው» ቢልሽም አትቀበዪው። ያለ ፈቃድ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል፤ ክስ ባትፈልጊ እንኳ ሰውየውን ዐውቀሽበታል።

ለአክስትሽ ልጅ ዛሬ ማታ ደውይለትና ጠይቂው። የእኔ ነው ካለሽ አስወጥተሽ ተኚ፤ አይደለም ካለሽ ሳታድሪ አስወጪው። እኔም ከእንግዲህ በስምሽ ብር ላክ የሚል ጽሑፍ ቢመጣ፣ ድምፅሽን በስልክ ሳልሰማ አንዲት ብር አልልክም፤ እንዳትቀየሚኝ።

አባትሽ፤ ከቢቸና