ንጉሥ ያልገዛት የንጉሥ መኪና

ሮያል የተባለችው ቡጋቲ ለነገሥታት ታስባ ተሠራች፤ የገዛት ንጉሥ ግን አልተገኘም።

ሠሪዋ ኤቶሬ ቡጋቲ የሚላን ልጅ ነው። ፋብሪካውን የተከለው በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ አልዛስ ውስጥ፣ ሞልሼም በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። የእሽቅድምድም መኪኖቹ ስሙን ካስጠሩት በኋላ፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ከሮልስ ሮይስ የምትልቅ ልሥራ ብሎ ተነሣ። ሠራም። ሞተሯ ባለ 8 ሲሊንደር፣ ከ12 ሊትር በላይ፤ ርዝመቷ 6 ሜትር ያለፈ፣ ክብደቷ ከ3 ቶን የማያንስ። ራዲያተሯ አናት ላይ በኋላ እግሮቹ የቆመ ዝሆን አለ። የቀረጸው የኤቶሬ ታናሽ ወንድም ሬምብራንት ነው፤ በ1916 ሕይወቱን በገዛ እጁ ያጠፋው፣ እንስሳትን በመቅረጽ የታወቀው ባለሙያ። ከዚያ ሁሉ ብረት እኔን የሚይዘኝ ይኸው የሟች እጅ ሥራ ነው።

ኤቶሬ 25 ሊሠራ አስቦ 6 ላይ ቆመ፤ የተሸጡት 3 ብቻ ናቸው። በ1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ተንኮታኮተ። ይገዛል ሲባል የነበረው የስፔኑ ንጉሥ አልፎንሶም በ1931 አገሩን ጥሎ ተሰደደ። የመጀመሪያው ገዢ አርማን ኤስደር የልብስ ነጋዴ ነበር። «በሌሊት አልነዳም» ብሎ የፊት መብራት የሌላት አሠራ። ንጉሥስ ቢገዛት ከዚህ በላይ ምን ሊቀብጥ ኖሯል? ሁለተኛዋን የወሰደው ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እሷም ዞራ ዞራ ኒውዮርክ ገባችና ከቁራሌ ግቢ ወደቀች፤ ያተረፋት አንድ የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ ነው።

ሞልሼም ደግሞ ገዢ ያጣ ትልቅ ሞተር ይዞ ቀረ። ኤቶሬ ምን አደረገ? እኛ ሊትሪና የምንለውን የሐዲድ መኪና ሠራና ሞተሩን እዚያ ገጠመው፤ በትልልቆቹ ላይ አራት አራት እያደረገ። ከ1933 ጀምሮ ትኬት የቆረጠ ሁሉ በንጉሥ ሞተር መጓዝ ጀመረ። በ1934 አንዷ በሰዓት 196 ኪሎ ሜትር ከነፈች። 88 ያህል ተሠርተው የመጨረሻዎቹ እስከ 1958 ሠርተዋል፤ በዚያ ክፉ ዘመን የፋብሪካውን እንጀራ ያበሰሉትም እነሱ ናቸው። ለእኔ የቡጋቲ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። የመኪና አፍቃሪዎች ይቆጡኝ ይሆናል፤ ይቆጡ።

እዚያው አልዛስ ውስጥ ሙሉዝ ከተማ የሄደ ሰው ሁለት ሮያሎችን በመኪናው ሙዚየም፣ ሊትሪናዋን በባቡሩ ሙዚየም ያገኛል። ጊዜ ያጠረው ከባቡሩ ይጀምር ባይ ነኝ።