ዶሮው ስንት ሰው ያበላል?

ከመገናኛ ወደ ገርጂ፣ ከገርጂም ወደ ጃክሮስ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙን እያየ ያለፈ ሰው፣ አዲስ አበባ የምትበላው ነገር እየተለወጠ መሆኑን ለመገንዘብ አይቸገርም። ቀድሞ በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ዳር የምናውቀው ሥጋ ቤቱን፣ ክትፎ ቤቱንና ኬክ ቤቱን ነበር። ቀጥሎ በርገሩና ፒዛው መጣ፤ በዓለም ከታወቁት የአሜሪካ ምግብ ቤቶች አንዱ የሆነው ፒዛ ሃትም በ2010 ዓ.ም. በከተማችን በሩን ከፈተ። አሁን ደግሞ ተራው የዶሮ ጥብስ ይመስላል። በዱቄትና በቅመም ተለውሶ በብዙ ዘይት የሚጠበሰው ዶሮ፣ በቀይ መብራትና በአውራ ዶሮ ሥዕል ደምቆ ከየሕንፃው ሥር ብቅ ብቅ እያለ ነው።

በቅርቡ ከተከፈቱት ወደ አንዱ፣ በአንድ ቅዳሜ ቀን ከሦስት እህቶች ጋር ሄጄ ነበር። የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ላስተዋውቀውም ልነቅፈውም አልተነሣሁምና። ነገር ግን በዚያ ያየሁት፣ ከተመጋቢዎችም የሰማሁት፣ በተለይም ስለ ዋጋው የተባለው ለየቤታችን የሚሆን ቁም ነገር ስላለው ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ቤቱና ዋጋው

ቤቱ ንጹሕ ነው። ከመግቢያው በስተቀኝ የእጅ መታጠቢያ አለ፤ ፊት ለፊት ደግሞ ከመስታወት በስተጀርባ ወጣቶች ቆብ አድርገው ሲጠብሱ ይታያሉ። ተመጋቢው አስቀድሞ ከፍሎ ቁጥር ይቀበልና ይቀመጣል፤ ቁጥሩ ሲጠራ ትሪውን ሄዶ ያነሣል። ሹካና ቢላ አይሰጥም፤ በእጃችን መብላት ለለመድነው ለእኛ ግን ይህ ችግር አይደለም። ከካቻፑ ጎን አዋዜ ማቅረባቸውን ወድጄላቸዋለሁ። የዶሮው ቅርፊት ሲገምጡት ይንኮሻኮሻል፤ ውስጡ ግን ለስላሳና ውሃ ያልራቀው ነው። ሚጥሚጣም ጣል እንዳደረጉበት ምላስ ይመሰክራል።

ዋጋው ከገንዘብ ተቀባይዋ በላይ በሰሌዳ ተጽፏል። ሁለት ቁራጭ ዶሮ ከድንች ጥብስ ጋር 700 ብር፣ የዶሮ ሳንድዊች 520 ብር፣ ለልጆች አጥንት የሌለው ሦስት ቁራጭ 430 ብር፣ ለስላሳ መጠጥ 90 ብር ነው። «ቅርጫት» የሚሉት ደግሞ ስምንት ቁራጭ ዶሮ፣ ትልቅ የድንች ጥብስና አራት ዳቦ ሲሆን 2,600 ብር ያስከፍላል። ከሰሌዳው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ዋጋው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስን እንደማያካትት ተገልጿል። እንግዲህ 700 የተባለው 805፣ 2,600 የተባለው 2,990 ብር ይሆናል ማለት ነው። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» እንዲሉ፣ ግርጌውን ሳያነብ የቆጠረ ሰው ከሣጥኑ ፊት ሲደርስ ኪሱን ደግሞ ይዳብሳል።

ተመጋቢዎች ምን ይላሉ?

ከጎናችን የተቀመጡ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ትእዛዝ ለሁለት ይበሉ ነበር። «በወር አንዴ ነው የምንመጣው፤ ጣዕሙን እንወደዋለን፣ ዋጋውን ግን ለሁለት ካልተካፈልነው አንችለውም» አሉኝ እየሳቁ።

ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች አንዲት እህት ደግሞ አገር አቋርጣ የመጣችው ናፍቆት ይዟት መሆኑን አጫወተችን። በሳውዲ ዓረቢያ እንዲህ ያለውን ዶሮ «ብሮስት» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በጅዳ የተመሠረተው አል ባይክም በዚህ ምግብ የታወቀ ነው። «ዶሮው ደርሶበታል፤ የጎደለው የነጭ ሽንኩርት ማባያው ነው። እዚያ ግን የቀን ሠራተኛውም ይበላዋል፤ እዚህ የደላው ሰው ምግብ ሆነ» አለች።

የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት ቅርፊቱን ገልጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ዶሮው ጋቢ ለብሶ ነው እንዴ የሚጠበሰው?» ብለው አሳቁን። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን ቁራጭ እንደ ጨረሱ እጃቸው ወደ ሁለተኛው ሲሄድ አይተናል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የሦስት ልጆች አባት ነበር። ከሰሌዳው ሥር ቆሞ በስልኩ ሲደምር ቆየ። አንድ ቅርጫት 2,990፣ አምስት ለስላሳ 517 ብር ከ50፤ በድምሩ 3,507 ብር ከ50 ሳንቲም። ባለቤቱ ጠጋ ብላ በለሆሳስ «ለስላሳው ይቅር፣ ውሃ ይዣለሁ» አለችው። ቅርጫቱ መጣ፣ ልጆቹም በደስታ በሉ። ያቺ እናት በቦርሳዋ የያዘችው ውሃ ለቤተሰቡ የዕለቱን ደስታ እንዳዳነው ልጆቹ አላወቁም።

«እኔ በልቼ ነው የመጣሁት»

በእኛም ጠረጴዛ አንድ ነገር ሆነ። ከመካከላችን የአራት ልጆች እናት የሆነችው እህት ሰሌዳውን ቀና ብላ አየችና «እኔ በልቼ ነው የመጣሁት፤ ሻይ ይበቃኛል» አለች። የተቀጣጠርነው ለምሳ ነበር። ይህችን ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። አንዳንድ ጊዜ እውነት ናት፤ ብዙ ጊዜ ግን ክብርን የሚሸፍን መጋረጃ ናት።

ሌላዋ እህታችን አልተከራከረቻትም፤ «ኧረ በሞቴ» እያለችም በሰው ፊት አላስጨነቀቻትም። ዝም ብላ ተነሥታ አንድ ቅርጫትና አራት ባዶ ሳህን ይዛ መጣች። «ቡናውን እናንተ ታፈላላችሁ» ብላ ትሪውን ከመካከል አስቀመጠችው። ለአራታችን ሁለት ሁለት ቁራጭ ደረሰን። «በልቼ ነው» ያለችው እህት የመጀመሪያውን ጉርሻ ከተቀበለች በኋላ አንዱን ቁራጭ በላች፤ ሁለተኛውን ግን በሶፍት ጠቅልላ ለትንሹ ልጇ ያዘችለት። ማንም ያየ አልመሰለም፤ ሁላችንም ግን አይተናል።

በሒሳብም ቢሆን ያቺ እህት ብልህ ነበረች። አራታችንም ለየብቻችን ሁለት ሁለት ቁራጭ ብናዝዝ 3,220 ብር እንከፍል ነበር። ቅርጫቱ 230 ብር ቀነሰልን፤ አንዲት እህትም ምሳዋን እንድትበላ አደረገ።

ዋጋው ከየት መጣ?

ባለ ምግብ ቤቶቹን ብቻ መውቀስ ግን ተገቢ አይደለም። የሐበሻ ዶሮ ተሯሩጣ ለቅማ ያደገች ስለሆነች ሥጋዋ ጠንካራ ነው፤ በወጥ ተንተክትካ ስትበስል ትጣፍጣለች እንጂ በጥቂት ደቂቃ ጥብስ አትለሰልስም። ስለዚህ ለጥብሱ የሚፈለገው ለሥጋ ተብሎ የሚረባው፣ በስድስት ሳምንት ገደማ ለዕርድ የሚደርሰው የፈረንጅ ዶሮ ነው። ይህ ዶሮ ደግሞ ቀን ከሌት በቆሎና አኩሪ አተር የተቀላቀለበት መኖ ይፈልጋል። የመኖ ዋጋ ሲጨምር የዶሮውም ይጨምራል።

ዘይቱም አለ። አገራችን ከምትጠቀምበት የምግብ ዘይት ብዙው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱን ሁላችንም እናስታውሳለን። የጥብስ ዘይት ደግሞ እየተደጋገመ ሲሞቅ ይጠቁራል፣ ሽታውም ይለወጣል። ማንኛዋም ባለ ወጥ ቤት እንደምታውቀው ጥሩ ጥብስ የሚፈልግ ሰው ዘይቱን በየጊዜው መድፋት አለበት። የቤት ኪራዩና የሠራተኛው ደመወዝ ሲታከልበት ዋጋው ለምን እንደናረ መረዳት ይቻላል።

ቅርጫቱ ለምን ተፈጠረ?

የዚህን ምግብ ታሪክ ስናይ፣ ዶሮ ጥብስ ከመነሻው የሀብታም ምግብ አልነበረም። በአሜሪካ የእርስ በእርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1865 ካበቃ በኋላ፣ በቨርጂንያ ግዛት ጎርደንስቪል በምትባል የባቡር ከተማ ጥቁር ሴቶች የጠበሱትን ዶሮ በትሪ ተሸክመው በባቡሩ መስኮት ለመንገደኞች ይሸጡ ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ ነበሩ። በዚያ ገቢ ልጆቻቸውን አሳድገዋል፤ ቤት የሠሩም አሉ።

ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የኬንታኪ ዶሮ ጥብስ መሥራች ሃርላንድ ሳንደርስም ሥራውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1930 ኮርቢን በምትባል ከተማ፣ በነዳጅ ማደያ ውስጥ መንገደኞችን በማብላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በሶልት ሌክ ከተማ የመጀመሪያው አጋራቸው የሆኑት ፒት ሃርማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ያንን የታወቀውን ባለ ወረቀት ባልዲ አመጡ። በውስጡ 14 ቁራጭ ዶሮ፣ አምስት ዳቦና መረቅ ነበረበት፤ ዋጋውም ሦስት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ነበር። ባልዲው ለቤተሰብ የታሰበ ነበር፤ እናት ምግብ ሳታበስል ቤተሰቡ ከአንድ ዕቃ አብሮ እንዲበላ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? በጭራሽ! የእኛ ባለሙያ ሴቶች አንዲትን ዶሮ አሥራ ሁለት ቦታ ገነጣጥለው፣ በሎሚና በጨው አጥበው፣ በብዙ ሽንኩርትና በዕንቁላል አብዝተው ቤተ ዘመዱን ሲያበሉ ኖረዋል። ፈረሰኛው ለአባወራ ወይም ለተከበረ እንግዳ ይቀርባል፤ ሌላው ብልትም ለየድርሻው ይታደላል። በበዓል ገበያ አንድ ዶሮ ከሺህ ብር በላይ ሲሸጥ እናያለን፤ ሽንኩርቱ፣ ቅቤውና ዕንቁላሉ ሲደመር ከቅርጫቱ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ግን የዶሮ ወጡ ድስት የመጣውን ጎረቤት ሁሉ አብልቶ ለማግስቱም መትረፉ ነው። ዶሮ በአገራችን ለብቻ የሚበላ ሆኖ አያውቅም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወጣ ብሎ መብላት ክፉ ነገር አይደለም። ድካም ለበዛባት እናት አንድ ቀን ከምድጃ ማረፍ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ልጆችም ያቺን ቀን አይረሷትም። ሆኖም ጥቂት ነገሮችን ብናስብ መልካም ይመስለኛል።

አንደኛ፣ ከቤት ሳንወጣ ዋጋውን እንጠይቅ፤ ታክሱ የተካተተ መሆን አለመሆኑንም እንወቅ። ባልና ሚስት በሰሌዳው ሥር ቆመው ከሚሳቀቁ በቤታቸው ቢመካከሩ ይሻላል። ሁለተኛ፣ በየራሳችን ከማዘዝ በጋራ ማዘዝን እንልመድ፤ ርካሽ ነው፣ የባህላችንም ወግ ነው። ሦስተኛ፣ ሰው ስንጠራ «እንገናኝ» ብቻ አንበል። ጋባዥ ከሆንን «ግብዣው የእኔ ነው» እንበል፤ መዋጮም ከሆነ መጠኑን አስቀድመን እንናገር። ብዙ ወጣቶች ከመዘምራን ልምምድ በኋላ «ሥራ አለብኝ» እያሉ ከጓደኞቻቸው የሚለዩት ሥራ ኖሯቸው ሳይሆን ኪሳቸው ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ዛሬ አንድ ቀን፣ ነገም ሌላ ቀን የቀረ ወጣት በሦስተኛው አይጠራም፤ ወዳጅነትም እንዲሁ በዝምታ ይሞታል።

አራተኛ፣ አቅም ያልፈቀደ ጊዜ ቤታችን አለ። አንድ ዶሮ ቆራርጦ በእርጎና በነጭ ሽንኩርት አሳድሮ፣ በበርበሬና በጨው በተለወሰ ዱቄት አልብሶ መጥበስ ለባለሙያ ሴት አይከብድም። ዶሮው የሐበሻ ከሆነ ግን አስቀድሞ መቀቀል ይገባል። ወንዶች ልጆቻችንም ድንቹን ይላጡ!

አዳዲሶቹ ምግብ ቤቶች ይከፈታሉ፤ ዋጋቸውም እንደ ጊዜው ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ «ስንት ብር ነው?» ብለን ከጠየቅን በኋላ «ስንት ሰው ያበላል? ከመካከላችንስ በልቼ ነው የሚል ማን ነው?» ብለን ዙሪያችንን እንመልከት። ከዚያ በኋላ ሳህን እንጨምር።

መልካም ማዕድ ይሁንላችሁ።